የሕይወት ወርቁ ወዴት ነው?

ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚኖርበት ምክንያት ነው። ፊተኞቹን ሁለቱን ገንዘብ ያለው ሰው ከገበያ ይሸምታቸዋል። ሦስተኛው ግን በወልድያም ሆነ በመርሳ ገበያ ተሰፍሮ ሲሸጥ ታይቶ አይታወቅም። አባትም ለልጁ መንገዱን ሊያሳየው ይችላል እንጂ እንደ መሬትና እንደ ከብት ሊያወርሰው አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በየዘመኑ ለራሱ ሊፈልገው ግድ ነው።

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ጥቂት ሐሳብ እንዳካፍል ዕድሉ በተሰጠኝ ጊዜ ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ወይም ስለ ሳይንስ ክበባችን ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን እነዚህን ከእኔ አሻሽለው የሚጽፉ ጓደኞች ስላሉ፣ እኔ በልቤ ሲመላለስ የቆየውን አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ወሰንሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በምንኖርበት በዚህ የሥልጣኔ ዘመን ሕይወት ትርጉም የሚኖራት በምንድን ነው?

ዘመናችን ብዙ በጎ ነገር እንደ ሰጠን የሚክድ የለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና አገርን ከአገር አገናኝቷል። አያቶቻችን ከመርሳ ወልድያ ለመድረስ አህያ እየነዱ ቀኑን ሙሉ ይጓዙት የነበረውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እኛ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንጨርሰዋለን። ወልድያ በ2004 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ትልቅ ስታዲየም ተመርቆላታል። በኪሳችን የምንይዘው ስልክም የዓለሙን ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቀርብልናል።

ሆኖም ስልኩ ብዙ ይነግረናል እንጂ አያሳርፈንም። ጣታችንን ወደ ላይ በገፋን ቁጥር አንዱ ሲዘፍን፣ አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላው አዲስ መኪናውን ሲያሳይ እናያለን። የአንዱን ሳንረዳ የሌላው ይመጣል። ማታ ስንተኛ ብዙ ነገር አይተናል፤ ምን እንዳየን ተናገሩ ብንባል ግን አንዱን እንኳ አሟልተን መናገር ያቅተናል። ዓይን ጠግቦ ልብ እየተራበ ነው ማለት ይህ ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለተማሪዎች የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመላው አገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ ቢመጣም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከ10 ከመቶ አልዘለለም። እንግዲህ የሕይወት ትርጉም ፈተና ማለፍ ብቻ ከሆነ፣ ከመቶው ተማሪ 90ው ያለ ትርጉም ሊኖር ነውን?

ሁለተኛም ከሀብሩ፣ ከመርሳና ከወልድያ አካባቢ ብዙ ወጣቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሰደዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መልሳለች። ያም ሆኖ መንገዱ አልተቋረጠም። ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ከሄደ ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ሊሄድ በተሰናዳበት ሰሞን «እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሆናለሁ? ትምህርቱስ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁና የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ብትሉ አልቃወምም።

መልሱን መፈለግ የጀመርሁት ከቤታችን ነው። የአባቴ አባት በወጣትነታቸው ዋድላ ሄደው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ዋድላ የእኛው የሰሜን ወሎ ደጋ ነው። በቅኔ ትምህርት ስማቸው የሚጠራው ሦስቱ ቤቶች የጎጃሞቹ ጎንጅና ዋሸራ፣ እንደዚሁም የወሎው ዋድላ መሆናቸውን ከጓደኞቼ ብዙዎቹ አያውቁም። የሩቅ አገር ባለቅኔዎችን ስም ለፈተና እናጠናለን፤ ከተራራው ማዶ የኖረውን ታላቅ የግጥም ትምህርት ቤት ግን ረስተነዋል።

አያቴ እንደሚነግሩኝ ተማሪው መጀመሪያ የግእዙን ግስ ያጠናል። ቀጥሎ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ከዚያም ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። «ቅኔ መቁጠር» ማለት አንድ ሁለት እያሉ መቁጠር አይደለም። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ቃሉን ከምሥጢሩ፣ ምሥጢሩንም ከዜማው ልክ ጋር ሲያስማማ ይውላል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያርሙታል፤ ካልሆነም «ሂድና ሌላ ቁጠር» ይሉታል። ደብተር የለ፣ መብራት የለ፤ ምግቡም ከየደጁ ለምኖ ያመጣው ቁራሽ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ሕጋቸው ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ለዛሬ አዲስ ሊቆጠር ይገባል። ይህን በሰማሁ ጊዜ ስለ ሕይወት ትርጉም የነበረኝ አስተሳሰብ ተለወጠ። ትርጉም ማለት አንድ ቀን አግኝተነው በሣጥን የምንቆልፍበት ንብረት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እንደ ቅኔው በየቀኑ የሚቆጠር ሥራ መሆኑን ተረዳሁ። ትናንት ያገኘሁት ለትናንት ነበር፤ የዛሬው ከዛሬው ኑሮዬ መውጣት አለበት።

ሌላው ትምህርት የሰምና የወርቅ ነገር ነው። አንጥረኛ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራና በጭቃ ይለብጠዋል። በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙ ቦታም ወርቁ ይገባል። በቅኔም ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል ሰም፣ ከውስጥ ያለው ምሥጢር ወርቅ ይባላል። አያቴ ሁል ጊዜ «ልጄ፣ ወርቁ ያለ ሰም ቅርጽ የለውም፤ ስለዚህ ሰሙን አትናቅ፤ ግን ሰሙ ላይ አትቅር» ይሉኛል። እኔም የዕለት ኑሯችንን በዚህ አስተያየት ለማየት ሞከርሁ። እንጀራው፣ ፈተናው፣ ደመወዙ፣ ስልኩ ሁሉ ሰም ነው። ሰሙን የሚንቅ ሰው ይራባል፤ ሰሙ ላይ የሚቀር ሰው ደግሞ ጠግቦም ባዶ ይሆናል።

እኔ እንደ አያቴ ግእዝ አልተማርሁም፤ በአማርኛ ግን ለመሞከር ደፈርሁ። ወንድሜ ከሄደ በኋላ እናቴ አመሻሽ ላይ ከደሴ የሚመጣ አውቶቡስ በመርሳ አስፋልት ዳር ሲቆም በሰማች ቁጥር ከመደብ ተነሥታ ወደ ውጭ ትመለከታለች። ብዙ ጊዜ አይቻት ልማድ ነው ብዬ አልፌ ነበር። አንድ ቀን ግን ቁጭ ብዬ እነዚህን ሁለት ስንኞች ቆጠርሁ፤

አውቶቡሱ ሲቆም ካስፋልቱ ዳር ማታ፣
ወልድያ ደረሰ ወይ? ትላለች ተነሥታ።

ሰሙ «አውቶቡሱ ወልድያ ከተማ ደረሰ ወይ?» የሚል ተራ የመንገደኛ ጥያቄ ነው። ኅብረ ቃሉ «ወልድያ» የሚለው ነው፤ ለሁለት ሲከፈል «ወልድ» እና «ያ» ይሆናል። ወልድ በግእዝ ልጅ ማለት ነውና፣ ወርቁ «ያ ልጅ ደረሰ ወይ?» ማለት ይሆናል። አያቴ ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና «ይህስ ቤቱን መትቷል» አሉኝ።

ግጥሙን ያስነበብኋችሁ ታላቅ ነው ብዬ አይደለም። ነገር ግን ከቆጠርሁት በኋላ የእናቴን መነሣት እንደ ልማድ ማየት አልቻልሁም፤ አነሣሷ ራሱ ጸሎት እንደ ነበረ ታየኝ። ስልኬ በአንድ ቀን የብዙ እናቶችን ልቅሶ አሳይቶኛል፤ የገዛ እናቴን ለማየት ግን ሁለት ስንኝ አስፈለገኝ። ሠዓሊውና ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በደርግ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስደት ማረፉንና «ሀገሬ» የሚል የታወቀ ግጥም መተዉን ከመምህራችን ስንሰማ፣ የእናቴ ጥያቄ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነም ገባኝ። ግጥም ለብቻው የቀረውን ሐዘን ከሌሎች ሐዘን ጋር ያገናኘዋል።

ግጥም ዓይንን ከገለጠ፣ የታየውን መመርመር ደግሞ የፍልስፍና ሥራ ነው። ፍልስፍና ሲባል ለብዙዎቻችን ከባሕር ማዶ የመጣ የከባድ ቃላት ክምር ይመስለናል። ነገር ግን መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን የተባለው መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ የጥንት ጠቢባንን ምክር ለአገራችን ሊቃውንት አድርሷል። ከዚህም ሌላ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ አለ።

በሐተታው እንደ ተተረከው ዘርዐ ያዕቆብ አክሱም አካባቢ የተወለደ ሊቅ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ሲያሳድዱት ሸሽቶ በዋሻ ተቀመጠ። እዚያ ብቻውን ሆኖ ሰዎች ሁሉ «የእኔ ብቻ እውነት ነው» እያሉ ስለሚጣሉበት ነገር ያስብ ጀመር። በመጨረሻም ፈጣሪ ለሰው ልብ ብርሃን ሰጥቶታልና ማንም ሰው የሰማውን ሁሉ በዚያ ብርሃን ሊመረምር ይገባዋል ከሚል ሐሳብ ላይ ደረሰ። ከዋሻው ከወጣም በኋላ በእንፍራንዝ መጽሐፍ እየጻፈና ልጆች እያስተማረ በእጁ ሥራ ኖረ።

ስለዚህ መጽሐፍ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ ጽሑፉ የጥንት ሳይሆን በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ የደረሰው ነው ብሎ ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ ተማሪ ነኝና በሊቃውንት መካከል ገብቼ አልፈርድም። ነገር ግን ማንም ይጻፈው ማን፣ መጽሐፉ «መርምሩ» ይላልና፣ መጽሐፉን ራሱን መመርመርም ለትምህርቱ መታዘዝ ይመስለኛል።

ታዲያ ምርመራ ለእኛ ለወሎ ተማሪዎች ምን ይጠቅማል? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በክፍላችን ያለ አንድ ጓደኛዬ በዚህ ዓመት መንገዱን ለመጀመር አስቦ ነበር። «ሳዑዲ የሄደ ሁሉ ቤት ሠርቷል» አለኝ። እኔም «በል ና እንቁጠር» አልሁት። በሰፈራችን ከሄዱት አንድ በአንድ ስም እየጠራን ቆጠርን። ቤት የሠራ አለ፤ ባዶ እጁን የተመለሰ አለ፤ ታስሮ የከረመ አለ፤ ድምፁ ከጠፋ የቆየም አለ። ፍርዳችን እንዳያደላ ብለን ከቀሩትም ቆጠርን። ባጃጅ የሚነዳ አለ፤ ውኃ ስቦ ሽንኩርትና ፍራፍሬ የሚያለማ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ አጥቶ የሚቀመጥም አለ። መሄድ ሁሉ መክበር፣ መቅረትም ሁሉ መዳን እንዳልሆነ አየን።

በሀብሩ ያለው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላን ዘር ለገበሬው ከመስጠቱ በፊት መሬት ላይ ዘርቶ ይፈትነዋል። እኛም አንድን ሐሳብ በልባችን ከመዝራታችን በፊት ልንፈትነው ይገባል። ማን ነገረኝ? እውነት መሆኑን በምን ዐወቅሁ? ያልተነገረኝስ ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አልወሰነም። ነገር ግን «ከዚህ በኋላ ብሄድም ብቀርም በሰው ወሬ አይሆንም» ብሎኛል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ምርመራም ብቻውን ልብን አይሞላም። ሰው ሁሉን መርምሮ ሲያበቃ ሊመልሰው የማይችለው ነገር ከፊቱ ተገትሮ ይቀራል፤ ሞት አለ፣ ናፍቆት አለ፣ ግፍ አለ። እዚያ ላይ የምማረው ከእናቴ እናት ነው። እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የአባቴ ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው። በወሎ እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ ብርቅ አይደለም። በየጁ ምድር ዳናን የመሰለ የታወቀ የእስልምና ትምህርትና የዱዓ ቦታ አለ፤ ወደ ደሴ ሲሄዱም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። እኛም በሁለቱ መካከል አድገናል።

አያቴ ቡና ሲያፈሉ ስኒው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በበረካው ላይ ዱዓ ይደረጋል። አንዳንድ ጊዜም መንዙማ ያንጎራጉራሉ። በወሎ የመንዙማ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብ ፊደል እየጻፉ ለተራው ሕዝብ ትምህርትና ምስጋና አድርሰዋል፤ ከእነርሱም መካከል ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ስማቸው የታወቀ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በተገደዱበት ዘመን ሸኽ ጦልሃ ያንን ተቃውመው የቆሙ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ወሎ ዘወትር ሰላም ብቻ ነበረ ማለት ታሪክን አለማወቅ ይሆናል። የሚያስደንቀው ግን ያን የመሰለ ዘመን አልፎ፣ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ከአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ «አሚን» ሌላው «አሜን» ማለቱ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በዋሻ የጠየቀውን ጥያቄ አያቴ መጽሐፉን ሳያነቡ በቡና ስኒ የመለሱት ይመስለኛል።

የዚህ ነገር ኃይል የገባኝ በጦርነቱ ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን በያዘበት ወራት መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ትምህርትም ቆመ። እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። የሥልጣኔ ዕቃዎቻችን ሁሉ ከግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጌጥ ዝም አሉ። በዚያ ጨለማ የአባቴ አባት ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግሙ ነበር፤ የእናቴ እናት መንዙማቸውን ቀስ ብለው ያዜሙ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ድምፁን ሰምቶ ይሰበሰባል። ያለ ገመድና ያለ ኔትወርክ የሚሠራው በልብ የተጻፈው ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ።

ጸሎቱ ሁሉን አቃና አልልም። የሞተ አልተነሣም፤ የተዘረፈም አልተመለሰም። ነገር ግን አያቴ በየማታው በዱዓቸው የጎረቤቱን ሁሉ ስም በየተራ ይጠሩ ነበር፤ የሄደውን፣ የጠፋውን፣ የታመመውን፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም። ስሙ ሳይጠራ የሚያድር ሰው አልነበረም። የከተማችን ስም መርሳ ቢሆንም እነዚህ ሽማግሌዎች መርሳትን አላስተማሩንም። መንፈሳዊ ሕይወት ማለት ከዚህ ዓለም መሸሽ ይመስለኝ የነበረው ሐሳብ በዚያ ክረምት ተወገደልኝ። ይልቁንም ከዓለም ማንንም አለመርሳት ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ «ቅኔ እንጀራ አይሆንም፤ ሐተታም ሥራ አያስገኝም፤ የተራበን ሰው በግጥም ልታጠግበው ነውን?» ይለኛል። እውነት ነው፤ አይሆንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. እንደዚሁም በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ያለቀው የወሎ ሕዝብ ቅኔና መንዙማ አጥቶ አልነበረም፤ እህልና የሚደርስለት ሰው አጥቶ ነበር። ስለዚህ ውኃ መሳብ፣ ዘር ማሻሻል፣ መንገድ መሥራት፣ ሒሳብና ሳይንስ መማር ለእኛ የሕይወት ግዴታ ነው። የተሰደዱትንም ወንድሞቼንና እኅቶቼን ለመንቀፍ አልጻፍሁም፤ ስንቱ ቤት የቆመው እነርሱ በላኩት ገንዘብ ነው።

እኔ የምለው ግን ይህ ነው። እንጀራ ለምን እንደምንኖር አይነግረንም፤ ለመኖር ብቻ ያበቃናል። ለምን እንደሚኖር የማያውቅ ሰው ቢያልፍም ቢወድቅም፣ ቢሄድም ቢቀርም ልቡ አያርፍም። የሚያውቅ ሰው ግን ከመቶው 3ቱ ውስጥ ባይገባ እንኳ ሰውነቱ አይጎድልበትም። ፈተናው የሚለካው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ግን ከአንድ ነገር ይበልጣል።

ያችን ሁለት ስንኝ ከብዙ ማመንታት በኋላ ለወንድሜ በስልክ ላክሁለት። ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን በድምፁ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ላከልኝ፤ «ወልድያ ገና አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ነው በላት።» ቅኔ ቤት ያልገባ፣ ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሰሙን በሰም፣ ወርቁን በወርቅ መለሰልኝ። እናቴም ቃሉን ሰምታ ሳቀች፤ ሳቋም ከልቅሶ ጋር ነበር። ገንዘብ በላከበት ቀን ያላየሁትን ደስታ በዚያ ቀን ከፊቷ አየሁ። «ትምህርቱስ ምን ያደርግልኛል?» ላለኝ ጥያቄ ከእኔ ይልቅ እርሱ ራሱ የመለሰው መሰለኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለማጠቃለል ሦስት ነገር ላሳስባችሁ።

አንደኛ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ስልካችንን አስቀምጠን እንደ ዋድላ ተማሪ ብቻችንን እንቀመጥ። በዚያ ቀን ካየነው ነገር አንዱን እንምረጥና በሁለት ስንኝ ለመናገር እንሞክር። ባያምርም ግድ የለም፤ ነገ ሌላ እንቆጥራለን።

ሁለተኛ፣ የሰማነውን ሁሉ ከመቀበላችንም ከመናቃችንም በፊት እንመርምረው። በክፍላችንም ጥያቄ የሚጠይቅን ጓደኛ አንሳቅበት። መምህሮቻችንም ጥያቄያችን ቢበዛ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብን በትሕትና እንለምናቸዋለን።

ሦስተኛ፣ በየቤታችን ያሉትን ሽማግሌዎች ዛሬውኑ እንጠይቃቸው። ዳዊቱን፣ መንዙማውን፣ ተረቱን፣ ምርቃቱን በወረቀትም በልባችንም እንጻፈው። እነርሱ ባለፉ ጊዜ የምንከፍተው ሌላ መጽሐፍ የለንም።

የተከበራችሁ ወላጆችም ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ስንት አገኘህ? ስንት አገኘሽ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ከዚያ ቀጥላችሁ ግን «ዛሬ ምን አየህ? ምንስ አሰብሽ?» ብላችሁ ጠይቁን። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሰሙ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ወርቁ ነው። ሁለቱንም የሚጠይቅ ወላጅ ያለው ልጅ የትም ቢሄድ አይጠፋም።

 መጪው ዓመት የሰላምና የትምህርት ዓመት ይሁንልን።